ቅጠሉን የበሳ ሁሉ እምቦጭን አይገድልም

ጥያቄው፦ «በሰሜን አቸፈር፣ ጣና ሐይቅ ዳር፣ ቁንዝላ አካባቢ በማኅበር ተደራጅተን ዓሣ የምናሰግር ወጣቶች ነን። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በእኛ ዳርቻም እምቦጭ እዚህም እዚያም ብቅ ማለት ጀምሯል። ቅጠሉን ስናየው የተበሳሳ አለ። ፌንጣና ትንንሽ ትሎችም አግኝተንበታል። እነዚህን የራሳችንን ነፍሳት ሰብስበን፣ አራብተን ብንለቃቸው አረሙን አይጨርሱልንም? እምቦጭ የሚበላ ጥንዚዛ ቆቃ አካባቢ አለ ሲባልም ሰምተናል። እሱን በጀሪካን አምጥተን ብንለቀውስ? በቆሏችንንና ዳጉሳችንን ይበላብን ይሆን?»

አጭሩን ላስቀድም። ፌንጣና ትል ሰብስባችሁ ብትለቁ እምቦጩ አይጠፋም። ጥንዚዛ በጀሪካን ማምጣትን ደግሞ ጭራሽ አታስቡት። እናንተ ጋ ላለው እምቦጭ መድኃኒቱ እጃችሁ ነው፤ ያውም ዛሬ ነገ ሳትሉ። ምክንያቱን ግን በደንብ ላስረዳችሁ። ምክንያቱን ያልያዘ ሰው ነገ ሌላ ወሬ ሲሰማ ሐሳቡን ይቀይራል።

ከቀዳዳው እንጀምር። የተበሳ ቅጠል ማየት ተስፋ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ግን እምቦጭ ቅጠል በመበሳት የሚሞት ተክል አይደለም። አንድ ቅጠል ሲበላበት ከመሃሉ ሌላ ይተካል። ሙቀትና ምግብ ባገኘ ውኃ ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የተክሉ ሕይወት ያለው ቅጠሎቹ ሁሉ በሚነሱበት እምብርቱ ላይ ነው። ፌንጣ እዚያ አይደርስም። ከላይ ከላይ ቀምሶ ይሄዳል።

ሌላም ነገር አለ። የእኛ ፌንጣና አባጨጓሬ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ ጠላቶቻቸውም እዚሁ አሉ። ወፉ ይለቅማቸዋል። ሸረሪቱ ያጠምዳቸዋል። ትንንሽ ተርቦች አባጨጓሬው ገላ ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥሉና ከውስጥ ይበሉታል። ቁጥራቸው ልክ ያለው ለዚህ ነው። አሥር ሺህ አራብታችሁ ብትለቁ ወፉ ይጠግባል እንጂ እምቦጩ አይቀንስም። የተረፈውም ፌንጣ እምቦጩ ላይ ታስሮ አይቀመጥም። ከሐይቁ ዳር ያለው ለምለም ማሳ የማን ነው? የእናንተ። ከቆቃ የሚመጣውን እየፈራችሁ ነው፤ በቆሏችሁ ላይ የሚወጣው ግን የራሳችሁ ፌንጣ ነው።

«አገር በቀል ነፍሳት» የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ውጭ አገር ሠርቶ ያውቃል። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከአውሮፓና ከእስያ የገባ ሚልፎይል የሚባል የውኃ አረም አለ። ሐይቆችን ከሥር ወደ ላይ ይሞላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በቬርሞንት ግዛት ብራውኒንግተን በተባለች ኩሬ አረሙ በራሱ ጊዜ ሲመናመን ታየ። ሲፈተሽ የዚያው አገር ተወላጅ የሆነች ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር የምታህል ጥንዚዛ ግንዱን ከውስጥ እየቦረቦረችው ተገኘች። ማንም አላመጣትም። እዚያው የነበረች ናት።

ነገሩ ግን ምሥጢር አለው። ያቺ ጥንዚዛ ድሮም የምትኖረው አገር በቀል በሆነ ሌላ ሚልፎይል ላይ ነበር። መጤው የዚያ የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ ከለመደችው ተክል ወደ አጎቱ ልጅ ተሻገረች እንጂ አዲስ ምግብ አልተማረችም። ያም ሆኖ በየሐይቁ አንድ ዓይነት ውጤት አላመጣችም። ትንንሽ ዓሦች በበዙበት ሐይቅ ጥንዚዛዋ እየተበላች ቁጥሯ ሳይበዛ ይቀራል። የብርዱን ወቅት የምታሳልፈው ዳርቻው ላይ፣ ደረቅ ቅጠል ሥር ስለሆነ ዳርቻው የተጠረገበት ሐይቅም አይመቻትም።

አሁን ወደ እምቦጭ እንመለስ። እምቦጭ የአማዞን ልጅ ነው፤ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። አፍሪካ ውስጥ ጥቂት የሥጋ ዘመዶች አሉት። እነሱ ላይ ተነስቶ እምቦጭን ያሸነፈ የአፍሪካ ነፍሳት ግን የለም። ጊዜ አጥሮም አይደለም። እምቦጭ ግብፅ ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አገራችን ውስጥ ቆቃና አዋሽ ላይ የታወቀው በፈረንጆቹ 1965 ገደማ ነው። የእኛ ፌንጣ የሚችለው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ባሳየን።

የሰማችሁት ጥንዚዛ እንግዲህ አገር በቀል አይደለም። ብዙ ሰው የሚያደባልቀው እዚህ ላይ ነው። ከእምቦጩ አገር ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ኒዮኬቲና የሚባል፣ ሁለት ዝርያ ያለው ጥንዚዛ ነው። መልኩን ለማወቅ ሩቅ አትሂዱ። ጎተራ ውስጥ በቆሎ የሚበላውን ነቀዝ ታውቁታላችሁ አይደል? የዚያ ወገን ነው። እንደሱ ወደ ታች የታጠፈ ረዘም ያለ አፍ አለው። መጠኑ ግን ከፍ ይላል፤ አራትና አምስት ሚሊ ሜትር ይሆናል። መልኩ ጭቃ የነካው ግራጫ ነው።

ቀን ብትፈልጉት አታገኙትም። በቅጠሎቹ መነሻ ላይ፣ ገና ባልተከፈተው ጥቅል ቅጠል ውስጥ ተሸጉጦ ይውላል። ማታ በባትሪ ስታበሩ ነው ቅጠሉ ላይ ወጥቶ የምታዩት። አበላሉም ከፌንጣው ይለያል። ፌንጣ ቅጠሉን ከጠርዝ ጀምሮ ይገምጠዋል ወይም ወዲያና ወዲህ ይበሳዋል። ይሄኛው የላዩን አረንጓዴ ሽፋን ብቻ ይልጠዋል። የምስር ክክ የሚያህሉ፣ መጀመሪያ ነጣ ብለው ኋላ የሚጠቁሩ ጠባሳዎች ቅጠሉ ላይ ይረጫሉ። እናንተ የነገራችሁኝ ቀዳዳ ይህን አይመስልም።

ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ግን ትልልቆቹ አይደሉም፤ እጮቹ ናቸው። እናቲቱ እንቁላሏን ያበጠው የቅጠል አገዳ ውስጥ ትጥላለች። ከሳምንት ትንሽ በለጥ ሲል ነጭ፣ እግር የሌላት፣ ጭንቅላቷ ብርቱካንማ የሆነ እጭ ትፈለፈላለች። አገዳውን በምላጭ ለሁለት ብትሰነጥቁት ቡናማ መንገድ ታያላችሁ። መንገዱ ከላይ ይጀምርና እየወረደ እምብርቱ ውስጥ ይገባል። ፌንጣው ያልደረሰበት ቦታ ማለት ነው። በቆፈረችው መንገድ ውኃና ሻጋታ ይገባል። አገዳው አየር መያዙን ይተዋል። ተክሉ ይከብዳል፣ አበባው ይቀንሳል፣ ቅጠሉ ያንሳል፣ በመጨረሻም ይሰምጣል። እጯ ራሷ ደግሞ ውኃ ውስጥ ወርዳ ከተክሉ የሥር ጸጉር ትንሽ ክብ ጎጆ ትሠራለች። ጥንዚዛ ሆና የምትወጣው ከዚያ ነው። ዙሩ ሦስት አራት ወር ይፈጃል።

ይህን ጎጆ አስቡት። ሕይወቷን ለመጨረስ ሕያው የእምቦጭ ሥር፣ ያውም ውኃ ውስጥ የተንጠለጠለ ያስፈልጋታል። በበቆሎና በዳጉሳ ሥር ይህን ማድረግ አትችልም። በፈረንጆቹ 1972 ፍሎሪዳ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመለቀቋ በፊት በብዙ ተክሎች ላይ ተፈትናለች። ከዚያ ወዲህ ከ30 በላይ አገሮች ለቀዋታል። ሰብል ያጠፋችበት አገር የለም። በአገራችንም ተመራማሪዎች ሁለቱንም ዝርያዎች አስገብተው በስምጥ ሸለቆ አየር ላይ ፈትነዋቸዋል። ስለዚህ ለሰብላችሁ በዚህ በኩል አትስጉ። የእኔ ስጋት ሌላ ቦታ ነው።

ጥንዚዛው አረሙን «ይጨርሳል» የሚባለው ነገር ልክ አይደለም። ይቀንሳል እንጂ አይጨርስም። መቀነሱም ዓመታትን ይጠይቃል። ኡጋንዳ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ1995 መጨረሻ መልቀቅ ጀመረች። ኬንያ በ1997 ተከተለች። ሐይቁን አልብሶት የነበረው እምቦጭ በ1998 እና በ1999 ሲወድቅ ዓለም ተደነቀ። የኤልኒኞው ዝናብና ማዕበልም ያኔ አግዟል፤ የቱ ይበልጥ እንደሠራ ሊቃውንቱ አሁንም ይከራከራሉ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ከባድ ዝናብ ደለልና ማዳበሪያ አጥቦ ሲያስገባ፣ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ የነበረው ዘር በቀለና በኬንያ በኩል ያለው የዊናም ባሕረ ሰላጤ እንደገና ተሸፈነ። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ጥንዚዛ ዘር አይበላም።

ደጋማ አየር ደግሞ ያዘገየዋል። ደቡብ አፍሪካ በከፍተኛ ቦታዎቿ ላይ ለረጅም ጊዜ የተቸገረችው በዚህ ነው። ክረምታቸው ውርጭ አለው፤ ውኃቸው ደግሞ በከተማ ፍሳሽ የሰባ ነው። እምቦጩ በፀደይ ሲያንሠራራ ጥንዚዛው ገና አይነሳም። ኋላ ሜጋሜለስ የምትባል ዘላይ፣ ጭማቂ መጣጭ ነፍሳት ከአርጀንቲና አምጥተው በ2013 መልቀቅ ጀመሩ። ሃርትቢስፖርት በሚባለው ግድብ ላይ ጥሩ ውጤት ያገኙት አንዴ ለቀው በመተው አልነበረም። በብዛት እያራቡ፣ ደጋግመው እየለቀቁ ነው። ጣና 1,785 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ውርጭ ባይመታውም የታኅሣሥና የጥር ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ጥንዚዛው አይሞትም፣ ግን ይዘገያል።

አሁን ወደ እናንተ ዳርቻ። እዚህ ላይ ነው ዋናው ነጥቤ። ነፍሳት የሚያገለግሉት አረሙ ትልቅ ምንጣፍ ሆኖ ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ሲቆም ነው። ጥንዚዛው ቤት ያስፈልገዋል። የጣና ከባዱ ወረራ ያለው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ፣ በደንቢያ፣ በሊቦና በፎገራ በኩል ነው። የጎጃሙ ዳርቻ ያን ያህል አልተዋጠም። እናንተም «እዚህም እዚያም» ነው ያላችሁኝ። እዚህም እዚያም ባለ እምቦጭ ላይ ጥንዚዛ መልቀቅ ማለት፣ ጥንዚዛው እንዲራባ ብላችሁ እምቦጩን ሁለትና ሦስት ዓመት ትጠብቁታላችሁ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዳርቻችሁ እንደ ደንቢያ ይሆናል። ለጥንዚዛ ብላችሁ አረም ታሳድጋላችሁ።

ሁለቱን ዘዴ አንድ ላይ ማደባለቅም እንዲሁ ከባድ ነው። አንድ ቦታ፣ ስሙን ልተወው፣ በገንዳና በኩሬ ለወራት ያራባናቸው ጥንዚዛዎች ነበሩ። ዳር ላይ ባለ የእምቦጭ ክምችት ለቀቅናቸው። ጠባሳው ቅጠሉ ላይ መታየት ሲጀምር ለጽዳት የወጡ ሰዎች ቦታውን ጠራርገው፣ ክምሩን አቃጠሉት። እነሱ ጥፋት የለባቸውም፤ እኛ ምልክት አላደረግንም፣ አልነገርናቸውም። እስካሁን ይቆጨኛል። ጥንዚዛ ያለበት ቦታ አይነቀልም። የሚነቀልበት ቦታ ላይ ጥንዚዛ አይለቀቅም። በአንድ ሐይቅ ላይ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ፣ ግን ቦታቸው ተለይቶ፣ ሁሉም ሰው አውቆት መሆን አለበት።

የጀሪካኑ ነገርስ? ከውጭ የመጣ ነፍሳት ያለ ኳራንቲን ፈቃድ አይለቀቅም፤ ሕግ ነው። ሕጉ የወጣው ደግሞ በምክንያት ነው። ጥንዚዛዎቹ ራሳቸው በዓይን የማይታይ በሽታ ይይዛሉ። የታመመ ጥንዚዛ ይበላል፣ ይኖራል፣ ግን በደንብ አይራባም። አንዴ የታመመ ዘር ከለቀቃችሁ በኋላ ጤነኛውን ቢያመጡም በሽታው ይጠብቀዋል። ከዚህም ሌላ ጥንዚዛ የሚጓጓዘው ከነእምቦጩ ነው። ከሥሩ ጋር የሌላ አረም ቁራጭ፣ የቀንድ አውጣ እንቁላል፣ የማናውቀው ነገር ሁሉ አብሮ ይመጣል። ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ 15 ገደማ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። «እምቦጭ የሚበላ ዓሣ እናምጣ» ለሚሉም መልሴ ይኸው ነው። ለእንጀራችሁ ስትሉ በእነዚህ ዓሦች አትቀልዱ።

እምቦጭ ለምን እንደሚወፍር ደግሞ ወደ ላይ፣ ወደ ማሳው ተመልከቱ። ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ ግልገል አባይ ነው። ከሰከላ ተነስቶ በእናንተው አገር በኩል ያልፋል። ሐምሌ ላይ ቀይ ሆኖ ሲገባ አይታችሁታል። ያ ቀይ ነገር አፈር ብቻ አይደለም፤ የተዘራበት ማዳበሪያና ፍግም አብሮ አለ። የባሕር ዳር ፍሳሽም በበኩሉ ይጨምራል። ምግብ በበዛበት ውኃ እምቦጩ ጥንዚዛው ከሚበላው ፍጥነት በላይ ያድጋል። በየትኛውም አገር ነፍሳት አልሠሩም ሲባል ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ይኸ ነው። እስከ ውኃው ጫፍ ማረሱ፣ ደንገሉንና ፊላውን መንጥሮ ባሕር ሸሹን፣ ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት፣ እስከ ጭቃው መዝራቱ ነገሩን ያብሰዋል። ደንገል ከጎርፍ ጋር የሚመጣውን ደለል ይይዛል፤ እምቦጩም እንደልቡ ዳር እንዳይይዝ ይጋፋዋል። የታንኳችሁም መሥሪያ ነው። ተዉት ይቁም።

እንግዲህ ምክሬ ይኸ ነው፤ ንቀሉት። ግን በዘዴ። ክረምቱ እንደወጣ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ውኃው ሞልቶ ታንኳ እንደልብ በሚገባበት ወቅት ጀምሩ። አበባው ሳይረግፍ መሆን አለበት። አበባው ካለፈ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ገብቷል፤ ያን ጊዜ ለልጆቻችሁም ሥራ ተረፈ ማለት ነው። ከዳር ጀምራችሁ ወደ ውስጥ አትግፉት። ከውጭ በመረብ ክበቡትና ወደ ዳር ሰብስቡት። ተክሎቹ በገመድ በሚመስል ቀጭን ሐረግ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። ሐረጉ ከተበጠሰ ተንሳፋፊው ቁራጭ ነፋስ ወስዶት ሌላ ቦታ ይበቅላል። ስለዚህ ሲነቀል አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ቁራጩን ብቻ ይልቀም።

የነቀላችሁትን ውኃው ጫፍ ላይ አትከምሩ። የክረምቱ ውኃ ጥሎት የሄደውን የገለባና የደንገል ስብርባሪ መስመር ዳርቻው ላይ ታውቁታላችሁ። ከዚያ መስመር ወዲያ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን። አለበለዚያ ክረምት ሲመጣ ሐይቁ መልሶ ይወስደዋል። አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ስለሆነ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይከስማል። ዘር ያልያዘውን ኮምፖስት ማድረግ ይቻላል። ዘር የያዘውን አድርቃችሁ አቃጥሉት።

ውኃ ውስጥ ስትገቡ ቦቲ አድርጉ። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ ቀንድ አውጣዋ ደግሞ እንዲህ ያለ አረም ሥር መኖር ትወዳለች። ሥራው ካለቀ በኋላ የማኅበሩ አባላት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ብትመረመሩ ጥሩ ነው። መረባችሁንና ጀልባችሁን ወደ ቆጋ ግድብም ሆነ ወደ ሌላ ውኃ ከማጓጓዛችሁ በፊት አራግፉ፣ አድርቁ። ጣት የምታህል ቁራጭ ትበቃዋለች።

ፀረ አረም እንርጭ የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ግላይፎሴት እምቦጩን ይገድለዋል፤ እውነት ነው። ግን የሞተው ሁሉ ሰምጦ ሲበሰብስ ውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣው ይታፈናል። ደንገሉም አብሮ ይሞታል። ያ ውኃ ደግሞ የምትጠጡት፣ ከብቶቻችሁ የሚጠጡት ነው። ባለሙያና ፈቃድ በሌለበት ማንም ሰው ኬሚካል ተሸክሞ ዳርቻችሁ እንዲገባ አትፍቀዱ።

አንዴ ነቅላችሁ በዓል አታድርጉ። በ15 ቀን ተመለሱ። የቀረች ጥቂት ተክል በዚህ ጊዜ እጥፍ ትሆናለች። ከዚያ በየወሩ ዙሩ። ከጥር እስከ ግንቦት ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ዓይናችሁ ጭቃው ላይ ይሁን። ከዘር የበቀለው ትንሹ እምቦጭ ትልቁን አይመስልም። አገዳው አላበጠም፤ የመጀመሪያ ቅጠሎቹ እንደ ሣር ቀጠን ያሉ ናቸው። ብዙ ሰው ሣር ነው ብሎ ያልፈዋል። አንዱን በጥንቃቄ ነቅላችሁ በፕላስቲክ ዕቃ ጭቃ ውስጥ አሳድጉና ለአባላቱ ሁሉ አሳዩ። ያን ጊዜ አንድ ልጅ በአንድ ጠዋት የሚለቅመው፣ ከክረምት በኋላ ሃያ ሰው የሚያነሳው ነው። ማሳያው ሲያልቅ ጭቃውንም ዕቃውንም እሳት ውስጥ ጨምሩት፤ ወደ ሐይቁ አትድፉት።

ቅጠሉ ላይ የምስር ክክ የሚያህል ጥቁር ጠባሳ ካገኛችሁ፣ አገዳውም ሲሰነጠቅ ያ ቡናማ መንገድ ካለበት ግን አትንቀሉት። በረጅም እንጨት ላይ ቀይ ጨርቅ አስራችሁ ቦታውን ለዩት። ለሌሎች አስጋሪዎችም ንገሩ። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በዚያው ሳምንት አሳውቁ።